ባለቀለም ቦሎቄ በ12 ካሬ ሜትር ጓሮ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሦስት በአራት ሜትር የሆነች ጓሮ አለችኝ። አያቴ ከወላይታ አንድ ኪሎ ያህል የተደባለቀ ቦሎቄ ላኩልኝ። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡላ፣ ዥጉርጉር አለበት። ከሁሉም በጣም የሚተልቁ፣ ሐምራዊ ላይ ጥቁር የተረጨባቸው ጥቂት ፍሬዎችም አሉ። እያንዳንዱን በየቀለሙ ለይቼ ማቆየት እፈልጋለሁ። ባለፈው ዓመት ሰኔ መጀመሪያ ላይ ጥሩ አድርጌ ፍግ ነስንሼ ሁሉንም ዓይነት ዘራሁ። ቅጠሉ አጥሩን ሸፈነው፤ ፍሬው ግን ከጥቂት እፍኝ አላለፈም፤ ከእሱም ከፊሉ ሻገተ። ከቀዩ ዘር ከበቀሉት መካከል አንዱ ደግሞ ጥቁር ፍሬ ሰጠ። አፈሩ ይሆን ቀለሙን የለወጠው? የቀረኝ ዘር ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ዘንድሮ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ አፈር የቦሎቄን ቀለም አይለውጥም። ጥቁር ያፈራው ተክል ገና ፍሬ ሳለ ጥቁር ሊያፈራ የተወሰነለት ነው። እንዴት እንደሆነ ከታች በሰፊው እመለስበታለሁ፤ ዘር ለይቶ ለሚያቆይ ሰው ከሁሉም የሚጠቅመው እውቀት እሱ ነውና። ስለ ጓሮው ግን ምክሬ አጭር ነው፤ በአንድ ወቅት ከሦስት ዓይነት በላይ አይዝሩ። የቀረው ቀለም ደርቆ በጠርሙስ ተራውን ይጠብቅ።

ሒሳቡን እንየው። ቁጥቋጦ ሆኖ የሚያድገው ቦሎቄ በመስመርና በመስመር መካከል 40፣ በተክልና በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይሰጠዋል። ይህ በካሬ ሜትር 25 ተክል ነው። መተላለፊያውና ጥጋጥጉ ሲቀነስ ጓሮዎ 200 ተክል ቢይዝ ነው። ከሄክታር 20 ኩንታል የሚያገኝ ገበሬ ጎበዝ ይባላል፤ በዚያ ስሌት የእርስዎ 12 ካሬ ሜትር 2 ኪሎ ተኩል አይሞላም። የቤቱን ቀለብ ለመሸፈን ከሆነ ገበያ መውጣት ይሻላል። የአያትዎን ዘር ለማቆየት ከሆነ ግን 2 ኪሎ ከበቂም በላይ ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ 20፣ ቢቻል 40 ተክል ይስጡት። ከዚያ ካነሰ አንድ መጥፎ ሳምንት ዘሩን ከነአካቴው ሊያጠፋብዎት ይችላል፤ በአንድ ቀለም ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው የጠባይ ልዩነትም ቀስ በቀስ ይጠፋል።

በደንብ የደረቀ ቦሎቄ በቤት ውስጥ ሦስት አራት ዓመት የመብቀል ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ሁሉንም በየዓመቱ መዝራት አያስፈልግም። ዘንድሮ ሦስቱን፣ ለከርሞ ሌሎቹን ሦስት ቢዘሩ ማንም አይጠፋም። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ያለዎትን ዘር በሙሉ በአንድ ጊዜ መሬት ውስጥ አያስገቡ። ግማሹ ሁልጊዜ ቤት ይቅር። ባለፈው ዓመት ሁሉንም ዓይነት ዘርተው ዛሬም ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ መትረፉ ዕድል ነው።

ከግማሽ ኪሎው ላይ ደግሞ ሁለት እፍኝ ያህል ሳይለዩ፣ እንደተደባለቀ ያስቀምጡልኝ። አያትዎ ቀለሙን የደባለቁት በቸልታ እንዳይመስልዎት። በሩዋንዳና በቡሩንዲ ገበሬዎች ብዙ ዓይነት ቦሎቄ ሆን ብለው አደባልቀው ይዘራሉ፤ አንዱን ዝናብ ሲመታው ሌላው ይተርፋል፣ አንዱን ዋግ ሲይዘው ጎረቤቱ ይቋቋማል። ቀለም መለየት የእኛ የባለሙያዎችና የገበያው ፍላጎት ነው። ነጋዴ አንድ ዓይነት መልክ ይወዳል፤ በአውሮፓ በቆርቆሮ የሚታሸገው ነጭ ቦሎቄ ተለቅሞ የሚላከውም ለዚሁ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ማሳ ግን ድብልቁ ራሱ ዋስትና ነው፤ አንዴ ከተበተነ ደግሞ በነበረበት መጠን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

አሁን የትኞቹን ሦስት እንምረጥ? ቀለምን ብቻ አይቶ ቁጥቋጦ ይሁን ሐረግ የሚጥል መለየት አይቻልም፤ አጥርዎን ሸፈነው ካሉት ቅጠል ግን ከዘሩት ውስጥ ብዙው ሐረግ የሚጥል እንደነበረ እገምታለሁ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት ይለያሉ። ቁጥቋጦው ዋናው ግንድ ጫፍ ላይ የአበባ እምቡጥ ይዞ እድገቱን ያቆማል። ሐረግ የሚጥለው ሦስት አራት ቅጠል ካወጣ በኋላ ቅጠል የሌለው የሚመስል ረጅም ቀጭን ጫፍ ይወረውራል። ሞቅ ባለ ቀን አጠገቡ ቢቆዩ ያ ጫፍ የሚይዘው ነገር ፍለጋ በሁለት ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ ዙሪያውን ሲዞር ያዩታል። የሚዞረው ከላይ ሲያዩት በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው። እርስዎ ልርዳው ብለው በሌላው አቅጣጫ ዘንጉ ላይ ከጠመጠሙት በነጋታው ተፈትቶ ያገኙታል።

ለእንደዚህ ዓይነት ጠባብ ጓሮ ሁለት ቁጥቋጦና አንድ ሐረግ የሚጥል ጥሩ ድርሻ ነው። ሐረግ የሚጥለው በአንድ ካሬ ሜትር የሚሰጠው ምርት ከቁጥቋጦው ይበልጣል፤ ወደ ላይ ይሠራልና። ግን ጥላ ያጠላል። ስለዚህ ለብቻው በአንድ ዳር፣ ጥላው በሌሎቹ ላይ በማይወድቅበት በኩል ይሁን። ከ2 ሜትር በላይ የሆኑ አራት የቀርከሃ ዘንጎች ጫፋቸውን አንድ ላይ ማሰር ይበቃል፤ በእያንዳንዱ ዘንግ ሥር ሦስት ሦስት ፍሬ። እንዲህ ያለ ሁለት ቦታ ቢያቆሙ የሚፈለገው 20 ተክል ይሞላል። በወላይታና በሲዳማ ገበሬው የሚያደርገውን ማድረግም ይቻላል፤ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ቦሎቄውን ሥሩ መዝራት። በቆሎው ግን በጠባብ ቦታ ላይ ብርሃን ይሻማል፤ እኔ ቀርከሃውን እመርጣለሁ።

እነዚያ ትልልቅ ሐምራዊ ፍሬዎች የተለየ ጉዳይ ናቸው። መጠናቸው 2 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ከሆነ፣ አበባቸውም ደማቅ ቀይ ከነበረ፣ ዝርያቸው ከቦሎቄው የተለየ ዘመድ ነው፤ ብዙ ቦታ እሱንም አደንጓሬ ይሉታል። አንድ አስተማማኝ መለያ አለው። ተራው ቦሎቄ ሲበቅል ሁለቱን ክኮች፣ ማለትም የፍሬውን ሁለት ግማሾች፣ አፈር አስፈንቅሎ ይዞ ይወጣል፤ ይኸኛው ክኮቹን መሬት ውስጥ ትቶ ቡቃያውን ብቻ ይልካል። ደጋ ይወዳል። በ1,700 ሜትር ላይ በምትገኘው ሐዋሳ ቀኑ ሲሞቅ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል፤ ቅጠል ብቻ የሰጠዎት አንዱ እሱ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ፍሬ ለመያዝ ንብ ይፈልጋል፤ አጠገቡ ተመሳሳይ ዘመድ ካለም በቀላሉ ይዳቀላል። ሐገረ ሰላም ወይም ሌላ ደጋ ላይ ዘመድ ካለዎት ዘሩን ለእሱ ይስጡት። እዚያ ሥሩ እንደ ድንች አብጦ ከዓመት ዓመት ሊያቆጠቁጥ ሁሉ ይችላል።

ቅጠል በዝቶ ፍሬ ያነሰበት ዋናው ምክንያት ፍጉ ነው። ቦሎቄ ናይትሮጅን የሚያገኘው በሥሩ ላይ እባጭ ሠርተው ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተስማምቶ ነው። አፈሩ ውስጥ ናይትሮጅን ከሞላ ከእነሱ ጋር መስማማቱን ይተወውና ያገኘውን ሁሉ ወደ ቅጠል ይለውጣል፤ አበባውንም ያዘገያል። ዘንድሮ አዲስ ፍግ አይጨምሩ። ባለፈው ዓመት የነሰነሱት ገና አፈሩ ውስጥ አለ፤ ጨርሶ የተብላላ ኮምፖስት ሳሳ አድርገው ቢበትኑ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ በቆሎ ወይም ጎመን ዘርተውበት የተረፈውን ናይትሮጅን ቢያስበሉት እንዲያውም ይሻላል። አበባ ሲጀምር አንድ ተክል መሥዋዕት ያድርጉና ከነአፈሩ በቀስታ ቆፍረው ያውጡት። ሥሩ ላይ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያሉ እባጮች ካሉ አንዱን በጥፍርዎ ይክፈቱት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም እባጭ ጨርሶ ከሌለ፣ አፈሩ ገና ጠግቧል ወይም ባክቴሪያው የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብርሃን ነው። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያስፈልጋል። በሐዋሳ ጓሮዎች የአቮካዶ ዛፍ የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው፤ እርስዎም ጋ ካለ ቦሎቄውን ከሥሩ ያርቁት።

ሻጋታው ከወቅቱ የመጣ ነው። ሰኔ መጀመሪያ የተዘራ ቁጥቋጦ ቦሎቄ በ90 ወይም በ100 ቀን፣ ማለትም ጳጉሜንና መስከረም መግቢያ ላይ፣ ገና ዝናቡ ሳያባራ ይደርሳል። የደረሰ ዛላ ዝናብ ሲደጋገምበት ፍሬው ውስጡ ይሻግታል፤ አንዳንዴም እዚያው ይበቅላል። ለዘር የሚሆነውን ቁጥቋጦ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ይዝሩ፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ በደረቅ ፀሐይ ይሰበስቡታል። መጨረሻ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ቢቆም የጓሮ ጥቅሙ ይህ ነው፤ አበባና ዛላ ሲይዝ በባልዲ ማጠጣት ይቻላል። ሐረግ የሚጥለው ከቁጥቋጦው አንድ ወር ያህል ይዘገያልና ሰኔ መጨረሻ ላይ ይግባ። በበልግ፣ ሚያዝያ ላይ፣ መዝራት የሚያዋጣው በእሸቱ ለሚበላ ነው፤ የዚያ ወቅት ምርት የሚደርሰው ክረምቱ ሲገባ ስለሆነ ለዘር አልመክረውም።

አሁን ወደ ቀለሙ። ቀለሙ ያለው የፍሬው ቆዳ ላይ ነው፤ ቆዳው ደግሞ የእናቲቱ ተክል አካል እንጂ የውስጡ ጽንስ አይደለም። ይህቺን ከያዙ የቀረው ሁሉ ይገለጣል። የቀይ ቦሎቄ አበባ ከጥቁር ጎረቤቱ የአበባ ዱቄት ቢደርሰው ያ ዛላ የሚሰጠው ፍሬ አሁንም ቀይ ነው፤ ቆዳውን የሠራችው እናቲቱ ናትና። ውስጡ ግን ድቅል ነው። ምሥጢሩ የሚወጣው ፍሬው ተዘርቶ፣ በተራው እናት ሆኖ የራሱን ቆዳ ሲሠራ ነው። ጥቁር አብዛኛውን ጊዜ ቀዩን ያሸንፋልና ያን ጊዜ ጥቁር ሆኖ ብቅ ይላል። ከዘሩት ቀይ ጋር ጥቁር ፍሬ በስህተት አለመግባቱን እርግጠኛ ከሆኑ የእርስዎ ተክል ታሪክ ይኸው ነው። መዳቀሉ የተፈጸመው ወላይታ ውስጥ፣ አያትዎ ማሳ ላይ፣ ዘሩ እርስዎ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው።

ከዚህ የሚከተሉ ነገሮች አሉ። የአንድ ተክል ዛላዎች በሙሉ የሚሰጡት ፍሬ ቀለሙ አንድ ነው፤ ሁሉም የአንዲት እናት ቆዳ ነውና። በአንድ ዛላ ውስጥ ደመቅና ፈዘዝ ያለ ፍሬ ካገኙ የብስለት ወይም የእርጥበት ልዩነት እንጂ መዳቀል አይደለም። የዚያን የጥቁሩን ተክል ፍሬዎች ብትዘሩ ደግሞ ልጆቹ ይበታተናሉ፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ ምናልባትም አያትዎ ራሳቸው አይተውት የማያውቁት ቀለም ይወጣል። ለጨዋታ ደስ ይላል። ዘር ለሚጠብቅ ግን ከቀዩ ጠርሙስ ርቆ፣ ለብቻው ስም ተሰጥቶት መቀመጥ አለበት። ከዥጉርጉሮቹ አንዳንዶቹም እንዲህ ናቸው። አብዛኛው ዥጉርጉር ዘሩን ጠብቆ ይተላለፋል፤ ጥቂቱ ግን ዥጉርጉር የሆነው ድቅል ስለሆነ ብቻ ነው፤ ቢዘሩት ከፊሉ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወጥ ቀለም ይመለሳል። አሥር ጊዜ ቢለቅሙት አይጠራም፤ ጥፋቱም የእርስዎ አይደለም።

በአተር ሥራው የሚታወቀው መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል በ1866 ባሳተመው ጽሑፉ ላይ ቦሎቄንም አዳቅሎ ነበር። አተሩ ቀጥ ብሎ የታዘዘለትን ያህል የቦሎቄው ቀለም አስቸገረው፤ ከነጭና ከቀይ ሐምራዊ የተለያየ ደረጃ ያለው ቀለም ወጣበት። ከአንድ በላይ የሆነ ነገር ቀለሙን እንደሚወስን የጠረጠረውም በዚሁ ነው። ልክ ነበር። ዛሬ የቦሎቄ ቆዳ ቀለምና ጥለት በርካታ ጂኖች ተባብረው የሚሠሩት እንደሆነ ይታወቃል።

ይህ ማለት ግን ጓሮው ውስጥ ሁሉም ነገር ይደባለቃል ማለት አይደለም። የቦሎቄ አበባ ከመፈንዳቱ በፊት ውስጥ ለውስጥ ራሱን ያዳቅላል። ከመቶ አበባ ውስጥ ከሌላ የሚዳቀለው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። አበባውን በኃይል ከፍተው የሚገቡት እንጨት የሚበሱት ትልልቅ ጥቁር ንቦች በሚበዙበት ቦታ ግን ከፍ ይላል። እርስዎ ማድረግ የሚችሉት በዓይነቶቹ መካከል በጓሮዋ የሚቻለውን ያህል ርቀት ማስገባት፣ መካከል ላይ የቃሪያ ወይም የቆስጣ መደብ ማስቀመጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቀለም የሚመሳሰሉትን ጎን ለጎን አለመዝራት ነው። ቀይና ቀይ ዥጉርጉር ጎረቤት ከሆኑ ፍሬው መሬት ላይ ሲረግፍ መቀላቀሉን አያውቁትም። ቀይና ነጭ ጎረቤት ከሆኑ ግን ዓይንዎ ወዲያው ይለየዋል። በብዙ ቤት ዘር የሚበላሸው በንብ ሳይሆን በወንፊት፣ በከረጢትና በመውቂያው ቦታ ነው።

ሰርጎ ገብን ቀድሞ ማወቂያ ሁለት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ሲበቅል ነው። ጥቁር ፍሬ የሚሰጠው ተክል ብዙውን ጊዜ ከክኮቹ በታች ያለው ግንዱ ሐምራዊ ቀለም ይይዛል፤ የነጩ ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። በነጩ መስመር ውስጥ ሐምራዊ ግንድ ካዩ ያኔውኑ ይንቀሉት። ሁለተኛው አበባ ላይ ነው። ነጭ ፍሬ ያለው ቦሎቄ አበባው ነጭ ነው፤ በነጩ መስመር ሮዝ ወይም ሐምራዊ አበባ የከፈተ ተክል ያለ ጥርጥር ባዕድ ነው።

ለከርሞ የሚሆነውን ሲመርጡ ደግሞ ተክሉን ይምረጡ እንጂ ፍሬውን አይምረጡ። ብዙ ሰው ከሰበሰበው ክምር ላይ ትልልቁን ፍሬ ለቅሞ ለዘር ያስቀምጣል። ዴንማርካዊው ቪልሄልም ዮሃንሰን በ1903 ያሳየው በዚሁ በቦሎቄ ነው፤ ከአንድ ተክል ዘር የወረዱ ፍሬዎች ውስጥ ትልቁንም ትንሹንም ቢዘሩ የልጆቹ አማካይ መጠን አንድ ነው። የመጠኑ ልዩነት ከምግብና ከቦታ የመጣ ነውና አይወረስም። የሚወረሰው በተክልና በተክል መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ በመደቡ መካከል እየተመላለሱ ጤነኛ የሆነውን፣ ብዙ ዛላ የያዘውን፣ ቅጠሉ ላይ ዋግ ያልወጣበትን ተክል ክር ያስሩበት። ዘሩ ክር ካለበት ተክል ይወሰድ፤ ሌላው ለንፍሮ ይሁን። ክሩን ከአራት አምስት ተክል በታች ላይ ግን አያሳርፉ፤ መራጭነት ሲበዛ የአያትዎን ዘር ወደ አንድ ተክል ዘር ያጠበዋል።

አዘራሩ ቀላል ነው። አፈሩ እርጥብ ግን ያልጨቀየ ይሁን፤ ፍሬውን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው አንድ አንድ ያስገቡ። ዘሩን ማታ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማደር የተለመደ ቢሆንም አልመክርም፤ በጣም የደረቀ ፍሬ ውኃ በአንድ ጊዜ ሲጠጣ ክኩ ይሰነጠቃል፤ ቡቃያውም ደካማ ይሆናል።

በሐዋሳ አካባቢ በጣም የሚያሳስበኝ ተባይ የቦሎቄ ዝንብ ነው። ከዝንብ የምታንስ አንጸባራቂ ጥቁር ነፍሳት ናት፤ እንቁላሏን ገና በለጋው ቅጠል ላይ ትጥላለች፤ ትሉ በቅጠሉ አገዳ በኩል ወርዶ ግንዱ ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይቀመጣል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት አንዳንድ ቡቃያ ያለ ምክንያት ቢጫ ከሆነና ከጠወለገ ይንቀሉት፤ ግንዱ ሥር አብጦና ተሰንጥቆ፣ ቆዳው ሲላጥ ቡናማ ሙሽሬ (ትሉ ዝንብ ከመሆኑ በፊት የሚተኛበት ቅርፊት) ወይም ነጭ ትል ካገኙ እሷ ናት። የሞተውን ነቅለው ያቃጥሉ። ለቀረው ከሁሉ የሚያዋጣው አፈር ማስታቀፍ ነው፤ ክኮቹ እስከነበሩበት ድረስ አፈር ሲቆለልበት ተክሉ ከተጎዳው ቦታ በላይ አዲስ ሥር ያወጣል፤ ብዙውም ይድናል። ይህንን በሦስተኛው ሳምንት፣ ተባዩን አዩትም አላዩትም ያድርጉት።

በሽታን በተመለከተ ሁለት ልማድ ይበቃዎታል። ቅጠሉ እርጥብ ሳለ መደቡ ውስጥ አይግቡ፤ ዋጉም ባክቴሪያውም በእጅና በልብስ ይዛመታል። ዛላው ላይ ጠርዙ ቀላ ያለ፣ መካከሉ የጎደጎደ ጥቁር ቁስል ካዩ ደግሞ ከዚያ ተክል ዘር አይውሰዱ። በሽታው ፍሬው ውስጥ ገብቶ ለከርሞ ይተላለፋል። ቅጠሉ ጥቁርና ፈዛዛ አረንጓዴ ተቀላቅሎበት የተጨማደደ ተክልም ቫይረስ ይዞታል፤ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ወደ ጎረቤቱ ሳያሻግረው ይነቀል።

ዛላው ገለባ መስሎ ሲንኳኳ በየዓይነቱ በተለየ ዕቃ ይልቀሙት። በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይድረቅ። ቆርቆሮ ላይ በጠራራ ፀሐይ የተሰጣ ዘር ቆዳው ይሰነጠቃል፤ ሙቀቱም ጽንሱን ይጎዳዋል። መድረቁን ለማወቅ ሁለት ፍሬ ድንጋይ ላይ አድርገው በመዶሻ ይምቱ፤ ከተፈረካከሰ ደርቋል፤ ከተጨፈለቀ ገና ነው። ስለ ዘር ማቆያ የቆየ የጣት ሕግ አለ፤ የዘሩ እርጥበት በ1 ከመቶ በቀነሰ ወይም የሚቀመጥበት ሙቀት በ5 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ክዳኑ የሚገጥም ጠርሙስ፣ ከምድጃ የራቀ ጨለማ ቁም ሣጥን፣ በላዩ ላይ የቀለሙ ስም፣ የመጣበት ቀበሌና ዓመቱ።

ነቀዝ ከማሳ ይዞ መግባቱ አይቀርም። ማቀዝቀዣው በረዶ የሚሠራ ከሆነ፣ በደንብ የደረቀውን ዘር በጠርሙሱ እንዳለ አንድ ሳምንት እዚያ ያስቀምጡት። ሲያወጡት እስኪሞቅ ሳይከፍቱ ይጠብቁ፤ ያለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ያልደረቀ ዘር በረዶ ውስጥ ከገባ ግን ይሞታል። በረዶ ከሌለ ለሚበላው ቦሎቄ የሚሆን ዘዴ አለ፤ ጠርሙሱን ጠዋትና ማታ ገለባበጥ ማድረግ። ተፈልፍሎ የወጣው ትንሽ ትል ቆዳውን ለመብሳት አንድ ቦታ ተደግፎ ረጅም ሰዓት መሥራት አለበት፤ በየጊዜው ከተንከባለለ ሳይገባ ይሞታል። ለዘሩ ግን እንቁላሉን ፍሬው ላይ የሚለጥፈው ሌላኛው ነቀዝም ስላለ በዚህ ብቻ አይመኑ። ፍሬው ላይ የተጣበቁ ነጫጭ ነጥቦች ካዩ እሱ ነውና ጥቂት የምግብ ዘይት ጠብ አድርገው ፍሬውን ሁሉ እስኪቀባው ያሹት።

ለንፍሮ የተረፈውን ስታበስሉ ቀለሙን አብዛኛውን ያጡታል፤ ዥጉርጉሩ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ ጥቁሩ አብሮት የበሰለውን ነጭ ያጠቁረዋል፤ ለመልክ ከሆነ ለየብቻ ይቀቀሉ። ከመልኩ በላይ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ያልበሰለ ቦሎቄ፣ በተለይ ትልቁ ቀይ፣ ማስታወክና ተቅማጥ የሚያመጣ ነገር አለው። ሌሊቱን ዘፍዝፈው ውኃውን ይድፉ፤ በአዲስ ውኃ መጀመሪያ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እየተንተከተከ በኃይል ይፍላ፤ ከዚያ በኋላ ነው እሳቱ የሚቀነሰው። ሐዋሳ ላይ ውኃ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ከቆላው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ሳይፈላ ለብ ባለ እሳት ላይ ማዋል መርዙን አያጠፋውም፤ ስለዚህ ገና ሲነከስ ከረር የሚል ፍሬ ለልጆች አይስጡ። ቲማቲምና ሎሚም ፍሬው ከለሰለሰ በኋላ ይግቡ፤ ቀድመው ከገቡ ቆዳው አልለሰልስ ብሎ እሳት ያስፈጃል።